ሰገራው «ነጋቲቭ» ሲል ሽንቱ የተናገረው

 

ዛሬ ከወትሮው ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡት፤ መጨረሻ ላይ ያለው ምክር ብዙ ቤት ይጠቅማል።

«ዶክተር፣ ልጄን ስኳር ያዘው እንዴ?»

ይህን የጠየቁኝ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ከተማ የመጡ እናት ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ሽንቱ ውስጥ የትሉ ስኳር ተገኝቷል» ብዬ በጥድፊያ ስነግራቸው ፊታቸው ወዲያው ተለዋወጠ።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጁ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ለትምህርት ሲል ሐይቅ ከተማ አክስቱ ዘንድ ይኖራል። እንደ እኩዮቹ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ወንዝ ይወርዳል። ይዋኛል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ወራት ካለፉ በኋላ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። አንዳንድ ቀን ሰገራው ላይ ደም ይታያል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። አስተማሪው «ሰነፈ» አለ፤ አክስቱ «ዓይን በልቶት ነው» አለች።

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። አንዱ ጋ የአሜባ፣ ሌላው ጋ የጃርዲያ፣ ሌላው ጋ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠው። ሁለት ጊዜ ሰገራው ታይቶ ሁለቱንም ጊዜ «ነጋቲቭ» ተባለ። ሦስተኛው እኔ ጋ ነበር። እኔም አንዲት ናሙና አስመረመርኩ። «የጥገኛ ትል እንቁላል አልታየም» የሚል ወረቀት መጣልኝ። «አብሽሩ፣ ምንም የለበትም» ብዬ ቫይታሚን ጽፌ ሸኘኋቸው።

እናትየው በሩ ላይ ቆም ብለው «ምንም ከሌለበትማ ደሙ ከየት መጣ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለጥናት ሥራ የመጡ ባልደረቦቼ የሽንት መመርመሪያ ካሴት ይዘው ነበር። ያ ልጅ ትዝ አለኝ፤ አስጠራሁት። ቤተሰቡን አስፈቅደን ትንሽ ሽንት ካሴቱ ላይ አደረግን። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት መስመር ወጣ። ከዚያ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሰገራ አስመጣን። በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪ ባለሙያው ጠራኝና በማይክሮስኮፑ እንዳይ ጋበዘኝ። በጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል! የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው።

እንግዲህ እናትየው «ስኳር ያዘው እንዴ?» ያሉት ያን ቀን ነው። ለእሳቸው የሰጠሁትን መልስ ዛሬ ለእናንተም ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ስኳር ሲባል የሻዩ ብቻ አይደለም

ስኳር ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ወይም የስኳር ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ የሚለካው ግሉኮስ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ግን ሌላም የስኳር ዓይነት ሥራ አለ። እያንዳንዱ ሴል ከላይ የስኳር ልብስ ለብሷል። ጋላክቶስ፣ ፉኮስ፣ ማኖስ የሚባሉ ስኳሮች በሰንሰለት ተያይዘው ከሴሉ ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥለዋል። የደም ዓይነታችሁ ኤ፣ ቢ ወይም ኦ የሚባለው በዚህ ዘርፍ ጫፍ ላይ ባለች የአንዲት ስኳር ልዩነት ነው።

ይህን ዘርፍ ዳስሰው «ይሄ የእኛ ነው፣ ይሄ እንግዳ ነው» የሚሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሌክቲን የሚባሉት ሥራቸው ይኸው ነው። በሽታ የሚከላከሉልን አንዳንድ አንቲቦዲዎችም ስኳር ለይተው ይይዛሉ።

የቢልሃርዚያ ትልም የራሱ ዘርፍ አለው። ወንዴና ሴቴ ሆነው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ ምግባቸው ደማችን ነው። ትሉ አፍ እንጂ መውጫ የለውም። ስለዚህ የበላውን ትርፍ መልሶ ደማችን ውስጥ ይተፋዋል። አብሮት የትሉ አንጀት ሽፋን የሆነ ስኳር የበዛበት ንጥረ ነገር ይወጣል። በምህጻሩ ሲሲኤ ይባላል። ይህ ነገር በኩላሊት በኩል አልፎ ሽንት ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ለእናትየው እንዲህ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ የስኳር በሽታ አይደለም። ይሄ ትሉ የሚተፋው ነው። ሌባው ባይያዝም ዱካው ተገኘ።»

ልብ በሉ! የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ይህን ስኳር አያየውም። የሽንት ካሴቱም የደም ስኳርን አይለካም። ሁለቱ አይገናኙም።

«ነጋቲቭ» ማለት «የለም» ማለት ነው?

አይደለም። «ባየነው ውስጥ አልታየም» ማለት ነው። ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ካቶ-ካትዝ በሚባለው የሰገራ ምርመራ አንድ ስላይድ ላይ የሚታየው ሰገራ 41.7 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ሰው በቀን 100 ግራም ሰገራ ቢያወጣ፣ እኛ ያየነው ከ2,000 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በዚያ ስላይድ ላይ አንዲት እንቁላል ብትገኝ፣ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ 24 ያህል እንቁላል አለ ተብሎ ይሰላል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ በቀላሉ ያመልጠናል። እንቁላሉ ደግሞ በየቀኑ እኩል አይወጣም፤ ዛሬ ብዙ፣ ነገ ምንም ሊሆን ይችላል።

አንዲት ሴት ትል በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ሁሉም አይወጣም፤ ብዙው ጉበትና አንጀት ውስጥ ይቀራል። ሰውን የሚጎዳው በዋናነት ይህ የቀረው እንቁላል ነው። ለዓመታት ሲጠራቀም ጉበትን ያጠነክራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሆድ ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል፤ በመጨረሻም ደም ሊያስታውክ ይችላል። በአንዲት ናሙና «ነጋቲቭ» ተብሎ የተሸኘ ልጅ ይህን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። እኔም አንዱን እንዲህ ሸኝቻለሁ።

አምባሰልን የሚለይ ጆሮ

«ታዲያ ካሴቱ የትሉን ስኳር ከሌላው በምን ይለየዋል?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ወሎዬ ስለሆንን በቅኝት ልመልስ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱም አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ማሲንቆው ገና ሲጀምር ግን ጆሮው የለመደ ሰው «ይሄ አምባሰል ነው» ይላል። የድምፁ ብዛት ሳይሆን አቀማመጡ ነው የሚለየው። አንዷን ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብታደርጓት አምባሰልነቱ ይጠፋል።

ፕሮቲንም ስኳርን የሚለየው እንዲሁ ነው። የሲሲኤ «ዜማ» የተሠራው ከሦስት ስኳሮች ነው፦ ጋላክቶስ፣ ፉኮስ እና ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚን። የሦስቱ አቀማመጥ ሉዊስ-ኤክስ ይባላል። ይህ ሦስትዮሽ በሲሲኤ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ፣ እንደ ሙሰበሃ፣ እየተደጋገመ ይሄዳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳዩት በኔዘርላንድስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

አንድ አንቲቦዲ የትኛውን ዜማ እንደሚሰማ በትክክል ለማወቅ ግን ከትሉ የተወሰደ ስኳር ብቻውን አያስተማምንም። የተፈጥሮው ድብልቅ ነው፤ ረጅሙም አጭሩም፣ ሌላ ነገር የተጣበቀበትም አብሮ አለ። እዚህ ላይ የኬሚስቶች ሥራ ይመጣል። ስኳሮቹን አንድ በአንድ እየቀጠሉ ቅርጹ የታወቀ ሰንሰለት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ። ከዚያ ጫፉ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፦ በልዩ መብራት ሲታይ የሚያበራ ቀለም ወይም ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣት። ይህ ምልክት ያለው ሰው ሠራሽ ስኳር መፈተሻ ይሆናል። ከፕሮቲኑ ጋር ያገናኙታል፣ ያልተጣበቀውን ያጥቡታል፣ የቀረውን ብርሃን ይለካሉ። ካበራ ተያይዘዋል፤ ካላበራ አልተዋወቁም።

ቀጥለው አንዷን ስኳር ያወጣሉ። ለምሳሌ ፉኮስን። ብርሃኑ ከጠፋ ፕሮቲኑ የሚይዘው በፉኮስ በኩል ነበር ማለት ነው። ማሲንቆው ላይ አንዲት ድምፅ ቀይሮ «አሁንስ አምባሰል ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ የስኳር ዓይነቶች በአንዲት የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ በነጠብጣብ ይደረደራሉ። ምልክት ያለበት ፕሮቲን ይፈስበታል፤ የትኛው ነጠብጣብ እንደሚያበራ በአንዴ ይታያል። በዚህ ዘዴ የቢልሃርዚያን ብቻ ሳይሆን የጉንፋን ቫይረስ ሴላችን ላይ የትኛውን ስኳር እንደሚይዝም ማየት ተችሏል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ሉዊስ-ኤክስ የትሉ ብቻ አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባሉት የራሳችን ነጭ የደም ሴሎችም ይለብሱታል። ትሉ የቤተኛ ልብስ ለብሶ ይገባል ማለት ይቻላል። ዲሲ-ሳይን የሚባል በጠባቂ ሴሎቻችን ላይ ያለ ሌክቲን ይህን ስኳር ይይዛል። ትሉ ለዓመታት ሳይባረር የሚኖርበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው መመሳሰል ነው ተብሎ ይታመናል።

ጭጎጎትና ካሴቱ

ከቤተሰቦቼ አንዱ «የራሳችን ሴልም ካለው ካሴቱ አይሳሳትም?» እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ጭጎጎት ታውቃላችሁ አይደል? ሜዳ ላይ ስትሄዱ ሱሪና ቀሚስ ላይ የሚጣበቀው። አንዷን ፍሬ በጣት ነቅላችሁ ትጥሏታላችሁ። መቶ ፍሬ ሲጣበቅ ግን ልብሱን አውልቆ ቁጭ ብሎ መልቀም ነው። ፕሮቲንና ስኳርም እንዲሁ ናቸው። አንድ ስኳር ለአንድ ፕሮቲን ሲነካካ አያያዙ ደካማ ነው፤ ቶሎ ይላቀቃል። ብዙ ስኳር በሰንሰለት ሲደረደር ግን አያያዙ ይጠነክራል። የሲሲኤ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ሉዊስ-ኤክስን ደጋግሞ ይዟል።

የሽንት ካሴቱ የሚሠራውም በዚህ ነው። እርግዝና መመርመሪያውን ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ሽንቱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ቀለም የተደረገበት አንቲቦዲ ያገኛል። የትሉ ስኳር ካለ ይያያዛሉ። አብረው ተጉዘው መስመሩ ላይ የተተከለው ሌላ አንቲቦዲ ጋ ሲደርሱ ያ ደግሞ ስኳሩን በሌላ ጎኑ ይይዘዋል። ቀለሙ እዚያ ይጠራቀማል፤ እኛ መስመር እናያለን።

ሆኖም ካሴቱ ፈጽሞ አይሳሳትም አልላችሁም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ሽንት ውስጥ ደም ሲኖር፣ በእርግዝና ጊዜም፣ ትል ሳይኖር ደብዘዝ ያለ መስመር ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ከምልክቱና ከኑሮው ጋር አያይዞ የሚያነበው ባለሙያ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም

ቢልሃርዚያ ሲነሳ ስሙ የማይረሳ ኢትዮጵያዊ አለ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። ትሉ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ እንዶድ በሽታውን መንገድ ላይ ሊያቋርጥ ይችላል ማለት ነው። የሚገርመው፣ የእንዶድ አረፋ የሚሠራው ሳፖኒን ራሱ ስኳር የተንጠለጠለበት ንጥረ ነገር ነው። ከእንዶድ ሳፖኒኖች አንዱ በእሱ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በስሙ የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ይህን የሽንት ካሴት አገራችን ውስጥ በተማሪዎች ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተደረገ የሰገራ ምርመራ ይልቅ ካሴቱ ብዙ ሕፃናትን ለይቷል።

ሐይቅስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት ሐይቅ ከተማን አዲስ የአንጀት ቢልሃርዚያ መገኛ ብሎ መዝግቧል። «አዲስ» ማለት በሽታው በዚያ ዓመት ጀመረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የፈለገው ሰው ሲመጣ ተገኘ ማለትም ይሆናል። የዚያ ልጅ ነገርም ይኸው ነበር።

እናንተ ምን ታድርጉ?

«እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ምን አገባኝ?» እንዳትሉ። ለበዓል አገር ቤት የሚሄድ ልጅ፣ በእረፍት ወንዝ የሚዋኝ ወጣት፣ ከመስኖ ዳር ያደገ ሠራተኛ ሁሉ ይመለከተዋል። ትሉ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል።

👉 ሐኪም ጋ ስትሄዱ ውኃውን ተናገሩ። «ወንዝ ውስጥ ዋኝቻለሁ»፣ «መስኖ ውስጥ በባዶ እግሬ ሠርቻለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትቀይረዋለች። እኔ ያን ልጅ በመጀመሪያው ቀን አልጠየቅኩትም።

👉 ምልክቱ ካልለቀቀ በአንዲት «ነጋቲቭ» አትሸኙ። በተለያዩ ቀናት ሁለት ሦስት ጊዜ ሰገራ እንዲታይ በትህትና ጠይቁ። ይህ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚቻል ነገር ነው።

👉 የሽንት ካሴቱ በየክሊኒኩ አይገኝም፤ በብዛት የሚገኘው በጥናትና በዘመቻ ሥራ ላይ ነው። ካለ ጠይቁ፤ ከሌለ ተስፋ አትቁረጡ። ካሴቱ ጥሩ የሚሠራው ለአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። እንደ አዋሽ ሸለቆና ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ለሚገኘው፣ ሽንትን ደም ለሚያስመስለው የፊኛ ቢልሃርዚያ አስተማማኝ አይደለም።

👉 በደም የሚደረገው የአንቲቦዲ ምርመራ ከዳናችሁ በኋላም ለዓመታት «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። የትሉ ስኳር ግን ትሉ ሲሞት በሳምንታት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል።

👉 መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ብዙውን ጊዜ በኪሎ 40 ሚሊግራም ተሰልቶ ይሰጣል። ባዶ ሆድ አይወሰድም። ማዞር፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ቶሎ ያልፋል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ወይም በመጀመሪያ ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ቀድመው ለሐኪም ይናገሩ። ከፋርማሲ በግምት ገዝቶ መዋጥ አይሆንም።

👉 ፕራዚኳንቴል ገና ያላደገውን ትል አይገድልም። ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። ወደዚያው ውኃ ከተመለሳችሁ ደግሞ በሽታውም ይመለሳል።

👉 «የተማሪዎች መድኃኒት ነው» ብላችሁ ትልልቆቹን አትርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታው በተስፋፋበት ቦታ ከ2 ዓመት ሕፃን ጀምሮ አዋቂዎችም፣ ከሦስተኛ ወር በኋላ ያሉ ነፍሰ ጡሮችም፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዲወስዱ ይመክራል።

👉 የወንዝ ውኃ ለመታጠቢያ ካስፈለገ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ወይም ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ ዕቃ ከሁለት ቀን በላይ አስቀምጡት። ትሉ ውኃ ውስጥ ሰው ካላገኘ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ሜዳ ላይና ውኃ ዳር አለመጸዳዳት ደግሞ የሁሉም መጀመሪያ ነው፤ እንቁላሉ ውኃ ካልደረሰ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

⚠️ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የሆድ መነፋት ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሆስፒታል ሂዱ።

ልጁስ?

መድኃኒቱን ፊቱን እያጨማደደ ዋጠ፤ በጣም መራራ ነው። አክስቱም ልጆቿም ተመረመሩ፤ ከእነሱም መካከል አንዱ ተገኘበት። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጣ ደሙ ቆሟል፣ ጉንጩ ሞልቷል። እናትየው ከአምባሰል ማር ይዘውልኝ መጡ።

«ይኸው ስኳር» አሉኝ እየሳቁ። «ይሄኛው የትል አይደለም።»

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱ ላይ «ነጋቲቭ» የሚል ባየሁ ቁጥር የእሳቸው ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ምንም ከሌለበት ደሙ ከየት መጣ? ታካሚው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ እንደገና ማየት አለበት። ታካሚውም ለመጠየቅ ማፈር የለበትም።

ወንዝ ዳር ያደገ ወይም ልጁን ለእረፍት አገር ቤት የሚልክ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን አካፍሉት።